አርባ ክንድ ወንፈል

በዚያ ዓመት ዝናቡ በግንቦት ገባ፤ በኅዳርም አልወጣም። ጤፉ ተኛ። ድንቹ በመሬት ውስጥ እንዳለ ሸተተ። ገለባው ሻገተ፤ ሻጋታውን የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ። ቆቅ ውሃ በምትባለው ትንሽ የደጋ መንደር ብቻ ዐሥራ አራት በሬ ሞተ። ሁለት ሰው በመብረቅ ተመታ። በታኅሣሥ ፀሐይ ወጣች፤ የምታደርቀው አዝመራ ግን አላገኘችም። ሰዉ ፋሲካን በሽሮ ፈሰከ። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰማዩ ማረፍ ሲገባው፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጧት ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል አንድ ድንጋይ ተነቀለ፤ ተንከባሎ መጣና በእንዳላማው ምንጭ አፍ ላይ ተቀመጠ።

ድንጋዩ የተኛ በሬ ያህል ነበር። መንደሩ ውሃ አጣ። ሴቶች ወንዝ ወርደው ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ጀመር። ጎልማሶች በአጣና ሊፈነቅሉት ሞከሩ፤ አጣናው ተሰበረ። ከሞት የተረፉትን በሬዎች ጠመዱ፤ በሬዎቹ ድንጋዩን ዘወር ብለው አዩትና ተኙ።

የምንጩ ባለቤት እንዳላማው የሰባ ዓመት ገበሬ ነው። ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ዞሮ አየው። ከዚያ ስልክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣና ደምበጫ ላለው ለሱሩር ደወለ።

«የምትጎትተው ነገር ተገኝቷል» አለው። ሌላ አልጨመረም።

ሱሩር ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ሚስቱ ሸሪፋ ከሱቁ ጓዳ ብቅ አለች። «ምን ተገኘ?»

«ድንጋይ።»

ሸሪፋ ምን ድንጋይ ብላ አልጠየቀችም። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብራው ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሱሩር ድንች ሊገዛ ወደ ቆቅ ውሃ ሲወጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። እንዳላማው ሁለት በሬ ጠምዶ መጣና ጎትቶ አወጣው። ሱሩር እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ እንዳላማው «ተው» አለ። «በሬዎቼ ለሽያጭ አልወጡም። ወንፈል ነው።» ወንፈል ለአገሬው ሰው ግልጽ ነው። ቀን ያረሰልህን ቀን ታርስለታለህ፤ ያጨደልህን ታጭድለታለህ፤ በብር አይመለስም። የጎተተልህንም ትጎትትለታለህ። እንዳላማው መኪናው ከሰጠመበት እስከ ቆመበት ያለውን መሬት ተንበርክኮ በክንዱ ለካ። አርባ ክንድ ሆነ። ሱሩር ስቆ «እሺ» አለ። ነጋዴ ነው፤ ዕዳው ቀሎ ሲታየው ነጋዴ ይስቃል።

ከዚያ ወዲያ ግን እንዳላማው የሚጎተት ነገር አልነበረውም። ሱሩር የቤት መሥሪያ ግንድ ልጎትትልህ ሲለው «ልጆቼ ተሸክመው አመጡት» አለ። ቆርቆሮውን በመኪና ላምጣልህ ሲለው «መጫን መጎተት አይደለም» አለ። ለዒድ ስኳር ቢልክለት በማግስቱ በልኩ ማር መጣ። «ይቅር በለኝ» ቢለው «ምን በደልከኝና?» አለ። «እንግዲያው ማረኝ» ቢለው «ለማኝ ነህ ወይ፣ ምጽዋት የምሰጥህ? ሲገኝ ትጎትታለህ» አለ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በዚህ ዓመት ሱሩር ለሐጅ ተመዘገበ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱም እንደ ዱሮው አይደለም። ያለበትን ሁሉ ከፈለ፣ ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ለመነ። አንድ ነገር ቀረ። ሼኹ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ሼኹም «የሰው ሐቅ በጫንቃህ ተሸክመህ ካዕባ ፊት አትቆምም። ወይ ክፈል፣ ወይ ይማርህ» አሉት።

«ሼኽ፣ አርባ ክንድ መጎተት ነው።»

ሼኹ ጺማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ። «ክንዱ የማን ነው?»

«የርሱ።»

«እንግዲያው በርሱ ክንድ ክፈል።»

ድንጋዩ የተገኘው ሱሩር ሊነሣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። በማግስቱ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። መኪናው አራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ ነው፤ ያኛው ከሰጠመ ወዲህ ከአንድ የመንገድ ጥናት ፕሮጀክት በጨረታ የገዛው። ከኋላው ወንበር ጀርባ የሰው ራስ የሚያክል ኮምፕሬሰር ታስሯል። ከርሱ እንደ እስክሪብቶ ቀጭን የሆኑ ሁለት ሰማያዊ ቱቦዎች ይወጣሉ፤ አንዱ ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች ወደሚያካፍለው ወደ ፊቱ ዲፈረንሻል፣ አንዱ ወደ ኋላው። መኪና ጭቃ ሲገባ ባሕርዩ ክፉ ነው፤ ኃይሉን ሁሉ ለሚንሸራተተው ሰነፍ ጎማ ይሰጣል፣ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ያያል። ለፊቱም ለኋላውም የየራሱ ማብሪያ አለው፤ ማብሪያው ሲጫን ኮምፕሬሰሩ አየር ይልካል፤ አየሩ ዲፈረንሻሉን ይቆልፈዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ጎማዎች እንደ ተጠመዱ በሬዎች ወይ አብረው ይሄዳሉ፣ ወይ አብረው ይቆማሉ። ሱሩር ይህን ያውቃል። ማብሪያውን ግን መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ተጭኖት አያውቅም። ለዚህ ቀን ሲያስቀምጠው ነበር።

ቆቅ ውሃ ደረሰ። ሰንሰለት ከድንጋዩ ታሰረ። ሰዉ ተሰበሰበ። እንዳላማው ከድንጋዩ ኋላ ችካል ተከለና ተንበርክኮ ክንዱን አዘጋጀ። ሱሩር «ቢስሚላህ» ብሎ ማብሪያውን ተጫነ።

ኮምፕሬሰሩ ጮኸ። ጮኸ። አላቆመም። ሱሩር ነዳጅ ሲሰጥ አንደኛው የኋላ ጎማ እንደ እብድ ዞረ፤ ሌላው ንቅንቅ አላለም። የዞረው ጎማ ጭቃውን ሁሉ ወደ ኋላ ረጨ። ከኋላ ተንበርክኮ የነበረው እንዳላማው ነው። ተነሥቶ ዐይኑን ጠረገና «ዜሮ» አለ።

ሱሩር ጉብታው ላይ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ላለው መካኒክ ለደመላሽ ደወለ። ደመላሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «ድምፁ ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው አየሩ ይወጣል። በየት እንደሚወጣ መፈለግ ነው። አትንካው፣ እመጣለሁ።»

በዚያው ማታ ዘነበ፤ መሻገሪያው በጎርፍ ተቆረጠ። ደመላሽ በሦስተኛው ቀን የመሣሪያ ከረጢቱን አንግቦ በተከራያት በቅሎ ደረሰ። ዐሥራ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። ደመላሽ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ሥራ የጀመረው በጎሚስታነት ነው፣ ወሬ ይወዳል።

«ሐጂ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ሐጂ አትበለኝ፤ ገና ነኝ። ይህ ነገር ካልተቆለፈም አልሆንም።»

«ኧረ እኔስ መካ ሄደው ይጸልዩልኝ ብዬ ነበር። ለካ የርስዎ መካ እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው።»

ከዚያ ሥራ ጀመረ። ሁለቱንም ማብሪያ ሳይጫን ኮምፕሬሰሩን አስነሣው። ሞላና ዝም አለ። «ጎሽ፣ እሱ ጤነኛ ነው» አለ። የፊቱን ተጫነ፤ ትንሽ ጮኸና ዝም አለ። የኋላውን ተጫነ፤ ጮኸ፣ አላቆመም። «ያዝኩት። ከኮምፕሬሰሩ እስከ ኋላ ዲፈረንሻሉ ባለው መንገድ ላይ ነው። አሁን ሳሙና በውሃ በጥብጡልኝ። ቱቦው ላይ ሲፈስ ቀዳዳው ባለበት አረፋ ይነሣል። የጎማ ቀዳዳም እንዲሁ ነው የሚገኘው።»

መንገዱ ስለ ተቆረጠ በመንደሩ ሳሙና አልነበረም። የእንዳላማው ሚስት ደብሪቱ «እንዶድ አለን» አለች። አንድ ገንቦ ሙሉ ወቅጣ በጠበጠች። እንዶድ ደግሞ ለጋስ ነው። ደመላሽ በእጁ እፍኝ ቀድቶ ሊቀባ ሲል ሊያግዙት የመጡት ሴቶች ገንቦውን አንሥተው በመኪናው ሆድና ጎን አፈሰሱት፤ አሹትም። አረፋው ተነሣ። ጎማው ጠፋ። ቱቦው ጠፋ። ደመላሽ ራሱ እስከ ወገቡ ጠፋ። ሁሉም ነገር አረፋ ነበርና የሚያፈሰውን ከማያፈሰው መለየት አልተቻለም።

«ወንድም ዓለም፣ መኪናህ ካንተ ጋር ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ታጥቦ አያውቅም» አለች ደብሪቱ ለሱሩር።

ሱሩር አረፋው እስኪወርድ ድረስ አጥር ተደግፎ ቆመ። ነገ ዐሥራ አራት ቀን ይቀረዋል።

በማግስቱ ደመላሽ «በጆሮ እንፈልገዋለን» አለ። ግን የእርሱ ጆሮ ሃያ ዓመት መዶሻ ሲሰማ የኖረ ነው። መኪናው ሥር ተጋድሞ አንድ ሰዓት አዳመጠ፤ የራሱን ሆድ ብቻ ሰማ። ያን ጊዜ እንዳላማው ሄዶ መሪጌታ ወልደ ሰንበትን አመጣቸው። መሪጌታ ዜማ አስተማሪ ናቸው። ተማሪ ከሃያ ድምፅ መካከል ግማሽ ፊደል ቢስት «አንተ፣ ከበሩ አጠገብ ያለኸው» ይላሉ ይባላል። ዐይናቸው ደከም ብሏል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም።

«ጸጥታ ካለ እሰማዋለሁ» አሉ።

እንዳላማው የመንደሩ ሽማግሌ ነውና ጸጥታውን አወጀ። ወፍጮው ቆመ። ዶሮዎች ጓዳ ገቡ። ውሾች ታሰሩ፤ አንዱ ዝም አልል ቢል ከባለቤቱ ጋር ወደ ወንዝ ተላከ። የእንዳላማው ጎረቤት የገዳሙ አህያ ማናፋት ስትጀምር ባለቤቷ ራሷን በጋቢው ጠቅልሎ አቅፏት ቆመ። ገዳሙ ንብ ያረባል። መሪጌታ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ተቀመጡ። ደመላሽ ማብሪያውን ሊጫን እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ከታች ሰርግ መጣ።

ወሩ የሰርግ ወር ነው፤ ሙሽራዋ ከወዲያኛው ቀበሌ መጥታ በዚህ ታልፋለች። ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ሠላሳ ሰው ይዘፍናል። እንዳላማው በትሩን ይዞ ወርዶ መንገዱ መካከል ቆመ። ከዋናው ሚዜ ጋር ጥቂት ተነጋገረ። ምን እንዳለው አልተሰማም። ሚዜው ወደ ሰዎቹ ዞሮ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ።

ሰርጉ በእግሩ ጣት እየረገጠ አለፈ። ከበሮ መቺው ከበሮውን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ጥሩምባ ነፊው አፉን በእጁ ይዟል። ሙሽራዋ ከበቅሎዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ «የሞተው ማነው?» ብላ ጠየቀች። «መኪና ነው» አሏት። አንገቷን ነቀነቀችና «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ አለፈች።

ኋላ ያሉት ሚዜዎች ኩርባውን እስኪዞሩ ተጠበቀ። ደመላሽ ማብሪያውን ተጫነ፤ ኮምፕሬሰሩን ጥቂት አስጮኸና አጠፋው፣ የቀረው አየር ብቻውን እንዲወጣ። መሪጌታ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ሱሩር ትንፋሹን ይዞ ፊታቸውን ብቻ ያይ ነበር።

«ሁለት ናቸው» አሉ መሪጌታ።

«አንድ ነው የሚሆነው፣ የኔታ» አለ ደመላሽ።

«ሁለት ናቸው አልኩህ። አንዱ እዚህ ከጉልበቴ አጠገብ ነው፤ ቀጭን ነው፣ አራራይ ነው። ሌላው ከታች ነው፤ ከሆድ ነው የሚያወጣው፣ ዕዝል ነው። ይኸኛው ይመራል፣ ያኛው ይቀበለዋል።»

ደመላሽ ከጉልበታቸው አጠገብ ያለውን ቱቦ ነቅሎ አየ። ቱቦው ኮምፕሬሰሩ ላይ ወዳለው መክፈቻ የሚገባበት ጫፍ ሰያፍ ተቆርጧል፤ ማሸጊያው ላይ ልክ አይቀመጥም። ምላጭ አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ቆረጠና መልሶ ሰካው። እንደገና አስነሣ። መሪጌታ ሰሙ። «መሪው ዝም አለ። ተቀባዩ ግን ብቻውን ይቀጥላል» አሉ።

ደመላሽ ኮፍያውን አወለቀላቸው። «የኔታ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ አንድ ወንበር አለኝ። ሲደክምዎት ይምጡ።»

መሽቶ ነበርና ሥራው ለነገ ተባለ። ጠዋት ሱሩር ሰግዶ ሲመለስ ሰዉ መኪናውን ከቦ ይስቃል። ኮምፕሬሰሩ ጥቂት ጮኾ ዝም ብሏል። ማብሪያው ተጭኗል፤ ዝም ብሏል። ገዳሙ መካከል ቆሟል፤ እጁ ሰም ነው።

«ድኗል፣ ጋሽ ሱሩር» አለ። «ከኋላው ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ቱቦ ወደ ላይ ቆማለች። እጄን ባስጠጋ ነፋሱ በርሷ ይወጣል። በሰም ደፈንኳት። ቀፎ ሲሰነጠቅም እንዲሁ ነው የማደርገው።»

ሱሩር ደስ አለው። ዐሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ዛሬውኑ ጎትቶ ነገ ይወርዳል። «ሰንሰለቱን አምጡ» አለ።

ደመላሽ ከቁርሱ ሲመለስ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ አየ። ከጎማው መሐል ጥቁር ዘይት በውስጥ በኩል ይወርዳል፤ ብሬኩን አርሶታል። ሰማያዊው ቱቦም ሰማያዊ መሆኑ ቀርቷል፤ ዘይት ሽቅብ ወጥቶበታል።

«ገዳሙ፣ ወንድሜ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህች ቱቦ አፍንጫው ናት። ዲፈረንሻሉ በርሷ ይተነፍሳል። በሽታው አፍንጫው አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ አየሩን የሚይዝ የጎማ ቀለበት አልቋል። አየሩ ከዚያ አምልጦ በአፍንጫው ይወጣ ነበር። አንተ አፍንጫውን ስትደፍንበት ሆዱ ተነፋ፣ ሲነፋ አስመለሰው።»

ገዳሙ እጁን አየ። «እንደኛ ከብቶች» አለ።

«እንደናንተ ከብቶች።»

ሰሙን በሽቦ አወጡት። ደመላሽ ዘይቱን በደብሪቱ ድስት ላይ አፈሰሰ፣ የጎማዎቹን ዘንግ ሳበ፣ ቀኑን ሙሉ ታግሎ ዲፈረንሻሉን ከነጥርሱ አወጣና በላም ቆዳ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ቀለበት አገኘ። እንደ ክር የሳሱ ናቸው፤ ሲነካቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰበሩ።

«ይህ ደብረ ማርቆስም የለም። አዲስ አበባ ነው የሚገኘው፣ እሱም ከተገኘ» አለ። «መንገዱ ተቆርጧል። ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አይደርስም።»

 ሱሩር ወደ እንዳላማው ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ደብሪቱ ቆሎና የተቀቀለ ድንች አቀረበችለት። እንዳላማው ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። 

«እንዳላማው፣ ብሞትስ?» አለ ሱሩር።

«ልጅህ ይጎትታል።»

«ልጄ አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ነው የሚሸጥ። መጎተት አያውቅም።»

«ይማራል።»

«ልብህ ድንጋይ ነው፣ አንተ ሰው።»

ደብሪቱ ከምድጃው ዳር ተናገረች። «ልቡ ድንጋይ አይደለም፤ ብልህ ነው እንጂ። ዐሥራ ሁለት ዓመት እየተመላለሰ የሚጠይቀን ሰው አንተ ብቻ ነህ። የሰጠነው ዘመድ አይመጣም፤ ያለበት ሰው ነው የሚመጣ።»

እንዳላማው ድንች ላጠ። «ዝም በይ» አለ። ግን ቁጣ አልነበረበትም።

በዚህ መካከል ገዳሙ በሩን ሞልቶ ቆመ። በጀርባው የፀረ-አረም መርጫውን አዝሏል፤ ገበሬው ሁሉ የሚይዘውን ባለ ፓምፕ በርሜል። እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«አፍንጫውን የደፈንኩ እኔ ነኝ» አለ። «ይህ መርጫ ፓምፑ ውስጥ የጎማ ቀለበት አለው። አየር ይይዛል። ካልያዘ መድኃኒቱ አይረጭም። ፈትተው ይዩት።»

ደመላሽ በባትሪ ብርሃን ፈታው። ሦስት ቀለበት ወጣ። አንዱ ልክ ገጠመ። አንዱ ሰፋ። ሦስተኛው ትንሽ ወፈረ፤ በምላጭና በትዕግሥት ቀጠነ። ዲፈረንሻሉን መልሶ ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀ። ዘይቱ በደብሪቱ አሮጌ ነጠላ ተጠልሎ ተመለሰ።

«ለስንት ጊዜ ይይዛል?» አለ ሱሩር።

«ለአረም ነው የተሠራው። ለአርባ ክንድ እንለምነዋለን።»

ዐሥር ቀን ሲቀር ድንጋዩ እንደገና ታሰረ። መሪጌታ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቦታቸውን ያዙ። ደመላሽ ይውረዱ ሲላቸው «እኔ ካልሰማሁት ማን ይሰማዋል?» አሉ። እንዳላማው ከችካሉ አጠገብ ተንበረከከ። ሱሩር ማብሪያዎቹን ተጫነ። ኮምፕሬሰሩ ጮኸ፤ ዝም አለ። ከኋላ «ጸጥ ብሏል» የሚል ድምፅ መጣ።

ሱሩር እግሩን ነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ ጣለ። አራቱም ጎማዎች አንድ ላይ ጭቃውን ነከሱ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ድንጋዩ አቃሰተ፣ ተነሣ፣ መጣ። እንዳላማው ድንጋዩ በሚቀደው ቦይ ውስጥ እየዳኸ በክንዱ ይከተላል። «አንድ። ሁለት። ሦስት።»

በዐሥራ ሁለተኛው ክንድ ምንጩ ተከፈተ። ውሃው ፈንድቶ እንዳላማውን ከራስ እስከ እግሩ አለበሰው። ሴቶች እልል አሉ፣ ገንቦ ለማምጣት ሮጡ። ደመላሽ እጁን አወዛወዘ። «በቃ፣ ያቁሙት። ምንጩ ወጣ።»

ሱሩር በመስኮት ወደ ኋላ ጮኸ። «ስንት ነው?»

«ዐሥራ ሁለት» አለ እንዳላማው ውሃውን እየተፋ።

«ሃያ ስምንት ይቀራል።»

«ይቀራል።»

«ሐጂ፣ ድንጋዩን ወዴት ሊወስዱት ነው? የሚፈልገው የለም» አለ ደመላሽ።

«ወደ ፊት» አለ ሱሩር።

ወደ ፊት ያለው የገዳሙ አጥር ነው። በቀኝ ገደል፣ በግራ ምንጩ። ገዳሙ አንድ ጊዜ አጥሩን አየ፣ አንድ ጊዜ የመኪናውን አፍንጫ አየ፤ ሄዶ በገዛ እጁ አጥሩን ነቀለ። ድንጋዩ ገባ። የባቄላ መደብ አረሰ። ሃያ፣ ሃያ አምስት። ንቦች ወጥተው አዩ፤ ነገሩ ስላልገባቸው ተመለሱ። ሠላሳ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ለመልስ ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሙ፤ ዘንድሮ ጸጥታ ያስፈልጋል ብለው ራሳቸው ከበሮውን አቀፉ።

በሠላሳ ሦስተኛው ክንድ ከኋላ ጧ አለ። ኮምፕሬሰሩ ጩኸቱን ለቀቀ። የኋላ ግራ ጎማ ብቻውን መዞር ጀመረ፤ መኪናው በአንድ ጎኑ ሰመጠ።

«መሪው ተነቀለ» አሉ መሪጌታ። ደመላሽ በምላጭ ያስተካከለው ቱቦ ከመክፈቻው ዘሎ ወጥቶ ነበር።

«መልሰው ይስኩት፣ የኔታ፣ ማሰሪያ እስካመጣ» አለ ደመላሽ።

«ሰካሁት። ሊወጣ ይገፋኛል።»

«ይያዙት እንግዲህ። በሁለት እጅ።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፉ፣ ቱቦውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ መክፈቻው ተጫኑት፣ እግራቸውን ከበሩ ጋር አገናኙ። ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ። «ሂድ» አሉ። «ቶሎ ሂድ፤ ይህ ተማሪ ኃይለኛ ነው።»

ሱሩር ላቡ ዐይኑ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ጆሮው ኋላ ነው። ጎማዎቹ ተጠመዱ። ሠላሳ አራት። ሠላሳ አምስት። መኪናው የገዳሙን ደጃፍ አልፎ ወጣ፤ ድንጋዩ ገና ደጃፉ ሊደርስ ነው። ሠላሳ ስምንት። «እጄ ደነዘዘ» አሉ መሪጌታ። «ጥቂት ነው፣ የኔታ» አለ ሱሩር። ሠላሳ ዘጠኝ።

«አርባ» አለ እንዳላማው።

ሱሩር ሞተሩን አጠፋ። ድንጋዩ በገዳሙ ቤት በርና በቀፎዎቹ መካከል ተቀምጧል።

«ይህ ድንጋይ አሁን የማን ነው?» አለ ገዳሙ።

«የቆመበት መሬት የማን ነው?» አለ እንዳላማው።

«የኔ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቃለህ?»

ሱሩር ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «እንዳላማው፣ ደግመህ ለካ።»

«ለክቻለሁ።»

«እየዳህክ ነው የለካኸው፣ ውሃም መቶሃል። ጎድሎ ቢሆንስ? መካ ላይ ሆኜ አንድ ክንድ ጎድላ ይሆን እያልኩ ልዙር?»

እንዳላማው ወደ ችካሉ ተመለሰ። አሁን ሰዉ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ አብሮ ይቆጥራል። አርባው ሞልቶ ከድንጋዩ ሥር ትንሽ ቀረ። ጣቶቹን ዘርግቶ አንድ ጊዜ ጨመረ።

«አርባ ክንድ ከስንዝር» አለ። ፊቱ ጠቆረ። «ስንዝር አትርፈሃል። አሁን ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ማርኩህ» አለ ሱሩር።

«አልማርም። አንተን አልማርኩ፣ አንተስ እኔን ለምን?»

 ደመላሽ ራሱን በመኪናው ጎን ደገፈ። ድንጋዩን ስንዝር ወደ ኋላ እንግፋው ያለ ሰው ነበር፤ አጣናው መሰበሩን አስታወሱት። ሱሩር ነገሩን በቅርብ ሊነጋገር በሩን ከፍቶ ወረደ። ያረፈበት የጎማው ጉድጓድ ነበር። ግራ እግሩ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ተያዘ። ሳበው፤ አልመጣም። ሁለተኛ ሳበው፤ የባሰ ገባ።

እንዳላማው ቀረበ። እግሩን አየ። ክንዱን ከሱሩር ብብት ሥር አስገብቶ፣ ወገቡን አጥብቆ፣ ጎተተው። ጭቃው እግሩን ለቀቀ፤ ጫማውን ግን አስቀረ። እንዳላማው ተንበረከከ፤ እግሩ የወጣበትን ጉድጓድ ጥልቀት በስንዝሩ ለካ። አንድ ጊዜ ለካው። አንድ ስንዝር ነበር።

ተነሣ፤ እጁን በቁምጣው ጠረገ። መሪጌታ እጃቸው ቱቦ እንደ ጨበጠ ደንዝዞ ከመኪናው ወርደው ነበርና ወደ እርሳቸው ዞረ፣ ምስክር ናቸውና።

«ሱሩር ከእኔ ዘንድ ምንም የለበትም» አለ። «እኔም ከርሱ ዘንድ ምንም የለብኝም። ወንፈላችን ተመልሷል።»